በናይትሮጅን የቀዘቀዘ ኮምፒዩተር አልነሳ ሲላችሁ፦ ከማሞቅ እስከ ማድረቅ

ናይትሮጅኑን አፍስሳችኋል፣ ቴርሞሜትሩ -120 ይላል፣ ቁልፉን ተጫናችሁ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጭጭ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። ቀጥሎ ባዮሱን (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን፣ ሴቲንጉ የሚቀመጥበትን ፕሮግራም) ያጸዳል። ዕድል ቀንቶት ከገባለት ደግሞ ቮልቴጅ ይጨምራል። በመጨረሻ "ፕሮሰሰሩ ሄዷል" ብሎ ፖቱን (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረውን፣ ናይትሮጅኑ የሚፈስበትን የመዳብ ዕቃ) መፍታት ይጀምራል፤ ይሄኛው ከሁሉም የባሰ ነው።

ብዙ ጊዜ ምንም የሄደ ነገር የለም። ወይ ፕሮሰሰሩ ከልክ በላይ ቀዝቅዟል፣ ወይ የሆነ ቦታ ረጥቧል፣ ወይ ራሙ አልተስማማውም፣ ወይ ፖቱና ፕሮሰሰሩ በደንብ አልተገናኙም። አራቱም ስክሪን ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ከአሁኑ አንድ ሕግ ያዙ፦ ሙቀቱን ሳታስተካክሉ ሴቲንግ አትንኩ።

መመሪያው የተጻፈው ማዘርቦርዱን (ከዚህ በኋላ ቦርዱ እንለዋለን) ያለ ኬዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ለማስሮጥ (ኦቨርክሎክ ለማድረግ) በፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም በደረቅ በረዶ ለሚያቀዘቅዝ ሰው ነው። በቺለር ወይም በፍሪጅ ኮምፕረሰር ለምትሠሩም የእርጥበቱ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይመለከታችኋል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ራሳችሁን

አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲተን ወደ 700 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሆናል። ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ግን ገፍቶ ያስወጣል። ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። መስኮትና በር ክፈቱ፣ ብቻችሁን አትሥሩ። ደረቅ በረዶም ያው ነው፤ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሕፃን ወይም ድመት ካለ ከክፍሉ ይውጣ።

- የፔርሙዝ ክዳን ጠርቅማችሁ አትዝጉ። አገር ቤት ከብት የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የሚይዙትን የናይትሮጅን ኮንቴይነር አይታችሁ ከሆነ ክዳኑ ልቅ ነው፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃው ይፈነዳል።
- ጓንቱ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ናይትሮጅን ውስጡ ከገባ እጃችሁን አንዴ አራግፋችሁ የምትጥሉት። እርጥብ ወይም የጨርቅ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፣ ፈሳሹን መጥጦ ቆዳ ላይ ያጣብቀዋል።
- የዓይን መነጽር አድርጉ። ሸበጥ አይሆንም።
- ደረቅ በረዶውን በአሴቶን ወይም በአልኮል የምትሠሩ ከሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ እሳት፣ ሲጋራ፣ የጋዝ ችቦ ቀርቶ የፀጉር ፎን እንኳ አይኑር። የፎኑ ሽቦ ይግላል፣ የአሴቶን ተን ደግሞ ብልጭታ ይበቃዋል።

ደረጃ 2፦ ሳይቀዘቅዝ መነሳቱን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ሰዎች ናቸው በኋላ ችግሩ ከየት እንደመጣ የማያውቁት። መጀመሪያ በተራ ማቀዝቀዣ፣ በፋብሪካ ሴቲንግ አስነሱት። ከዚያ ፖቱን አስራችሁ፣ ምንም ሳታፈሱ፣ እንደገና አስነሱት። ፖቱ ከባድ መዳብ ስለሆነ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ሙቀቱን ይችላል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ግን አትቆዩ።

ባዮስ ውስጥ ሳላችሁ እነዚህን ጨርሱ፦

1. የሲፒዩ ፋን ማስጠንቀቂያውን አጥፉት። ፖት ላይ ፋኑ ከሲፒዩ መሰኪያ ጋር ስለማይገናኝ ቦርዱ "ፋን የለም፣ ኤፍ1 ተጫን" ብሎ ይቆማል። እናንተ ደግሞ ስክሪኑን ሳታዩ አልነሳም ትላላችሁ።
2. የፋብሪካውን ሴቲንግ በአንድ ፕሮፋይል፣ መጠነኛውን ኦቨርክሎክ በሌላ አስቀምጡ። ከባዱን ሦስተኛው ላይ።
3. ኢንቴል ከሆነ ኤምአርሲ ፋስት ቡት የሚለውን፣ ኤኤም5 (የኤኤምዲ ሶኬት) ከሆነ ሜሞሪ ኮንቴክስት ሪስቶር የሚለውን አጥፉ። ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።
4. ባዮሱን ወደ ፍላሽ አውርዱና ለቦርዱ ፍላሽባክ (ባዮሱን በቀጥታ ከፍላሽ መልሶ ለመጻፍ) በሚሆን ስም አዘጋጁት። ፍላሹ ፋት32 ይሁን። ቀን ከጨለመ በኋላ ሌላ ኮምፒዩተር ፍለጋ ከመሄድ ያድናል።

ዳታ ያለበትን ዲስክ አትሰኩ። ርካሽ ኤስኤስዲ ላይ ዊንዶውስ ጭናችሁ ኮፒውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ኦቨርክሎክ ሲወድቅ ፋይል ማበላሸቱ አይቀርም።

የቦርዱን ጃምፐሮችና ማብሪያዎችም አሁኑኑ ለዩ። እንደ ኤሱስ አፔክስ ያሉ ለዚህ ሥራ የተሠሩ ቦርዶች ኤልኤን2 (ፈሳሽ ናይትሮጅን) ሞድ የሚባል ጃምፐር፣ ስሎው ሞድ የሚባል የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ወደ ታች የሚጥል ማብሪያ፣ ሪትራይና ሴፍ ቡት የሚባሉ ቁልፎች አሏቸው። ሪትራይ ሴቲንጉን ሳይነካ በግድ ዳግም ያስነሳል። ሴፍ ቡት ደግሞ ለጊዜው በፋብሪካ ሴቲንግ አስነስቶ ባዮስ ውስጥ ያስገባችኋል፣ የጻፋችሁት ግን አይጠፋም። ቦታቸውን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ግማሹ በአረፋና በሶፍት ይሸፈናል።

ደረጃ 3፦ መሸፈን

ውሃው ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ አየር ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 35 በመቶ ከሆነ፣ ከ6 ዲግሪ ገደማ በታች የሆነ ነገር ሁሉ ላብ ያወጣል። በዚያው ሙቀት እርጥበቱ 75 በመቶ ሲሆን ላቡ ከ17 ዲግሪ ጀምሮ ነው። የአዲስ አበባ ጥርና ነሐሴ ልዩነታቸው ይኸው ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ ያላችሁ ደግሞ በበጋ በረንዳ ላይ አትሞክሩት፤ ኤሲ ያለበት ክፍል ግቡ።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ፕሮሰሰሩን አውጡ። የሶኬቱን (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን) ዙሪያ፣ ከሶኬቱ እስከ ራሙ ያለውን ቦታና የቦርዱን ጀርባ በቫዝሊን ቀቡ። ሽታ የሌለውና ንጹሑ ይሻላል። የሶኬቱ ፒኖች ላይ አይግባ።
2. የራምና የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያዎችን በቫዝሊን ሙሉ። አዎ፣ ወርቃማዎቹ መገናኛዎች ያሉበትን ውስጡን። ቫዝሊን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ካርዱ ሲገባ ብረት ለብረት ይነካካል፣ ቫዝሊኑ ደግሞ የቀረውን ክፍተት ይዘጋል።
3. በላዩ ላይ ቀዳዳው የተዘጋ ጥቁር የጎማ አረፋ፣ የፍሪጅና የኤሲ ቱቦ የሚሸፈንበትን ዓይነት፣ በሶኬቱ ልክ ቆርጣችሁ አኑሩ። ከቦርዱ ጀርባም እንዲሁ። ተራ ስፖንጅ ውሃ ስለሚመጥ አይሆንም።
4. በፖቱ ዙሪያ የወጥ ቤት ሶፍት ጠቅልሉ። በየጊዜው ለመቀየር እንዲያመች በፕላስተር አታጣብቁት።

የሴንሰሩን ሽቦ ጫፍ በፖቱ ግርጌ ወዳለው ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አስገቡ። ኬ ታይፕ ቴርሞከፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) እና እስከ -200 የሚያነብ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። በሶፍትዌር የሚታየውን የፕሮሰሰር ሙቀት እርሱት። ያ ሴንሰር የተሠራው ፕሮሰሰሩ ከላይኛው የሙቀት ገደብ ምን ያህል እንደራቀ ለማወቅ ነው፣ ከዜሮ በታች ሲሆን የሚለው አይታመንም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ በፕሮሰሰሩና በፖቱ መሐል በፔስት ፈንታ የሚቀባው ሊኩይድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) እዚህ ቦታ የለውም። በጋሊየም የተሠራ ነው፣ ገና ማቀዝቀዝ እንደጀመራችሁ ይደርቃል። ለቅዝቃዜ የሚሆን ፔስት ተጠቀሙ፣ አትሰስቱ፣ አራቱን ብሎኖች በመስቀለኛ እኩል እኩል አጥብቁ።

ደረጃ 4፦ ቀስ ብሎ መውረድ

ከ22 ዲግሪ ወደ -150 በአንድ ጊዜ አትዝለሉ። ወደ -20 ወይም -30 አውርዳችሁ በመጠነኛው ፕሮፋይል አስነሱ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ከገባ በኋላ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ወደታች ውረዱ።

አሁን የራሳችሁን ፕሮሰሰር ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንደኛው እየሠራ ሳለ ፍዝዝ ብሎ የሚቆምበት ሙቀት ነው፣ ኮልድ ባግ ይሉታል። ሁለተኛው ካጠፋችሁት በኋላ አልነሳም የሚልበት ነው፣ ኮልድ ቡት ባግ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሞቅ ይላል። ማለትም -140 ላይ ያለምንም ችግር ይሠራ የነበረ ፕሮሰሰር -110 ላይ እንኳ አልነሳም ሊል ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው "አሁን ይሠራ ነበር እኮ!" እያለ ያድራል።

በየ10 ዲግሪው ቆም እያላችሁ ሪስታርት አድርጉ። አልነሳም ያለበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያል፣ ሞዴሉ አንድ ሆኖም ይለያያል፣ ስለዚህ የሰው ቁጥር አትዋሱ። ድሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው የኢንቴል ኮር አይ7 -100 አካባቢ የሚቆሙ ብዙ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኤኤምዲ ፌኖም 2 ግን በፈሳሽ ሂሊየም ሳይቀር ይሠራ ነበር። የናንተው የትኛው ጠባይ እንዳለው የሚነግራችሁ ራሱ ነው።

ደረቅ በረዶ የምትጠቀሙ ሰዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ። እሱ ከ-78 ብዙም ስለማይወርድ ኮልድ ባግ እምብዛም አያጋጥማችሁም። ካልነሳ ወደ እርጥበቱና ወደ ራሙ ቀጥታ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ አልነሳም አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

እጃችሁን ሰብስቡ። አሁን የሚሠራው ዓይን ነው።

1. ቦርዱ ላይ ያለውን ባለሁለት ፊደል ኮድ አንብቡና ጻፉ። የኮድ ማሳያ ከሌለው ሲፒዩ፣ ራም፣ ግራፊክስ፣ ቡት የሚሉትን ትንንሽ መብራቶች እዩ፤ የትኛው ላይ ቆመ?
2. የፖቱን ሙቀት አንብቡ። ከተነሳበት የመጨረሻ ቁጥር ይበልጥ ወርዷል?
3. ማፍሰስ አቁሙ።

ሦስተኛው ለምን? ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ ሙቀት ማመንጨቱን ያቆማል። ፖቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ግን አለ። ስለዚህ ቁልፉን እየደጋገማችሁ በተጫናችሁ ቁጥር ፖቱ ይበልጥ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ከመነሳትም እየራቀ ይሄዳል። -110 ላይ ያልተነሳው ሁለት ደቂቃ ቆይቶ -160 ላይ ይነሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

4. ፓወር ሰፕላዩን ከጀርባው አጥፉ፣ የማስነሻ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ የቀረው ቻርጅ ይውጣ።
5. ፖቱን አሙቁ (ከባዱ ፕሮፋይል ላይ ከነበራችሁ ግን መጀመሪያ ደረጃ 9 መጨረሻ ላይ ያለውን አንብቡ)፤ መጨረሻ ከተነሳበት ሙቀት 20 ወይም 30 ዲግሪ ከፍ እስኪል። ናይትሮጅን ከሆነ የጋዝ ችቦውን ነበልባል ፖቱ ውስጥ እያንቀሳቀሳችሁ፣ አረፋውንና ሶፍቱን ሳትነኩ። ሶፍት በቀላሉ ይያያዛል፣ አጠገባችሁ እርጥብ ፎጣ አኑሩ። ከአሴቶን ጋር ከሆነ ችቦ በፍጹም፤ በረዶውን በማንኪያ አውጡና በራሱ ጊዜ ይሙቅ።
6. ሴቲንግ ሳትነኩ አስነሱት። ሪትራይ ካላችሁ እሱን ተጫኑ።

ተነሳ? በቃ፣ ችግሩ ቅዝቃዜ ነበር። ቁጥሩን ጻፉና ከዚያ በላይ ሆናችሁ አስነሱ፣ ከተነሳ በኋላ ወደታች ውረዱ። ኤልኤን2 ሞድ ያለው ቦርድ ካላችሁ አሁን አብሩት፤ አንዱ ሥራው ይህን የመነሻ ገደብ ማውረድ ነው። ስሎው ሞድንም ለመነሻ አብርታችሁ ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ማጥፋት ትችላላችሁ።

ካልተነሳ ሴፍ ቡት ሞክሩ። እሱ ከሌለ ክሊር ሲሞስ፣ ማለትም የባዮሱን ሴቲንግ ወደ ፋብሪካው መመለስ። በፋብሪካ ሴቲንግ ከተነሳ ጥፋቱ የሴቲንግ ነው፤ መጠነኛውን ፕሮፋይል ጭናችሁ ወደ ላይ አንድ በአንድ ሂዱ። በፋብሪካ ሴቲንግም ጭጭ ካለ ወደሚቀጥለው።

ደረጃ 6፦ ኮዱ ምን ይላል?

የኮድ ትርጉም ከቦርድ ቦርድ ትንሽ ይለያያል፣ ማንዋሉ መጨረሻ ላይ ሰንጠረዥ አለ። የሚደጋገሙት ግን እነዚህ ናቸው።

00 ወይም ኤፍኤፍ። ፕሮሰሰሩ ሥራ አልጀመረም። ቅዝቃዜ ይሆናል፣ የሲፒዩ የኃይል ገመድ ይሆናል፣ ሶኬቱ ውስጥ የገባ ውሃ ይሆናል። ገመዶቹን ነቅላችሁ ጫፋቸውን እዩ፣ እንደገና እስኪጮህ ድረስ ሰኩ። ሁለት ባዮስ ያለው ቦርድ ከሆነ በማብሪያው ወደ ሁለተኛው ቀይሩ። ያም ካልሠራ ያዘጋጃችሁትን ፍላሽ ሰክታችሁ ፍላሽባክ አድርጉ፤ በብዙ ቦርዶች ፕሮሰሰሩ ባይሠራም ባዮሱ ይጻፋል።

55። ራም የለም ይላል። ራሙ ግን ዓይናችሁ እያየ ተሰክቷል። መጀመሪያ አንዱን አውጡና በአንዱ ብቻ አስነሱ፤ ማንዋሉ በሚለው ማስገቢያ። ከዚያ አቀያይሩ። ሁለቱም ራሞች ጤነኛ ሆነው አንደኛው ማስገቢያ ብቻ እምቢ ካለ ራሙን አትውቀሱ፣ የፖቱን ብሎኖች እዩ። አንዱ ጎን ከሌላው በላይ ሲጠብቅ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ ይዘነብላል፣ ከፒኖቹ ጥቂቶቹ አይነኩም፣ አንድ የራም መስመር ይጠፋል። ብሎኖቹን እኩል ሩብ ዙር አላልታችሁ ሞክሩ። ለማመን ይከብዳል፣ ግን ስንቱ ራም በዚህ ምክንያት ተመልሶ ሱቅ ሄዷል።

ራም ትሬኒንግ (ቦርዱ ራሙን የሚያስተካክልበት) ላይ መቆም። ዲዲአር5 ራም መጀመሪያ ሲነሳ፣ በተለይ ኤኤም5 ላይ፣ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ኮዱ ይለዋወጣል። ኮዱ እስከተለዋወጠ ድረስ አትንኩት። በዚህ ጊዜ ናይትሮጅንም አታፍስሱ፣ ሙቀቱን አንድ ቦታ ያዙት። ቦርዱ ራሙን የሚያስተካክለው በዚያች ሰዓት ባለው ሙቀት ነው። ደረጃ 2 ላይ አጥፉ ያልኳችሁ ሴቲንግ አንዴ የተስተካከለውን ቁጥር አስቀምጦ በሚቀጥለው ሲነሳ ያንኑ ይጠቀማል። ሞቆ ሳለ የተለካ ቁጥር -100 ላይ ላይሠራ ይችላል። ከክሊር ሲሞስ በኋላ ይህ ሴቲንግ ራሱ ተመልሶ ሊበራ እንደሚችልም አትርሱ።

ዲ6። ግራፊክስ ካርድ አላገኘም። ኢንቴል ፕሮሰሰራችሁ በስሙ መጨረሻ ኤፍ የሌለበት ከሆነ ካርዱን አውጡና ገመዱን ቦርዱ ላይ ሰኩ፤ ከተነሳ ጥፋቱ ካርዱ ወይም ማስገቢያው ነው። ካርዱም በናይትሮጅን ከቀዘቀዘ የራሱ ኮልድ ባግ አለው፣ እሱንም አሙቁት። ቢሲኤልኬውን (የሌሎቹ ፍጥነቶች ሁሉ መነሻ የሆነውን የቦርዱን ፍጥነት) ከፍ አድርጋችሁ ከሆነ ወደ 100 ሜጋኸርዝ መልሱ። የካርዱን መስመር ፍጥነት ከአውቶ ዝቅ ወዳለው ጄን3 ማውረድም ይረዳል።

ኤኤ ወይም ወደ መጨረሻ ያለ ኮድ። ቦርዱ ሥራውን ጨርሶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስረክቧል። ይሄ የቅዝቃዜ ጉዳይ አይደለም፤ ደረጃ 9ን እዩ።

ደረጃ 7፦ ፔስቱ ሲሰነጠቅ

ይህ ተንኮለኛ ነው፣ ምክንያቱም ቴርሞሜትሩ ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ፔስቱ በብርድ ይደርቅና ፕሮሰሰሩና ፖቱ ይለያያሉ። ፖቱ -150 ነው፣ ፕሮሰሰሩ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። ምልክቶቹ፦

- ትላንት የሠራ ሴቲንግ ዛሬ በተመሳሳይ ሙቀት ወዲያው ይወድቃል።
- ከባድ ሥራ ስትሰጡት የፖቱ ሙቀት ከፍ አይልም። ጤነኛ ከሆነ ሙቀቱ በፍጥነት ወደ ላይ መሄድ ነበረበት።
- ናይትሮጅኑ መፍላቱን ይቀንሳል፣ ፍጆታው ይወርዳል። ይህን እንደ ቁጠባ አትዩት።
- ይነሳል፣ ባዮስ ውስጥ ትንሽ ይቆያል፣ ድንገት ይጠፋል።

ኮምፒዩተሩን አጥፉ፣ ፖቱን ከዜሮ በላይ እስኪሆን አሙቁ፣ ብሎኖቹን ትንሽ አጥብቃችሁ እንደገና ውረዱ። ከተደገመ ፈትታችሁ አጽዱና አዲስ ቀቡ። ፖቱን በረዶ ሆኖ ሳለ ግን በጉልበት አትንቀሉ! የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ይዞ ይወጣል፤ ፒኑ በፕሮሰሰሩ ላይ በሆነው ኤኤም4 ላይ ተቆልፎ ሳለ ተነቅሎ ፒኑ ይታጠፋል።

ደረጃ 8፦ ውሃ

በረዶ ራሱ ብዙ አይጎዳም። ነጭ ሆኖ ሶኬቱን ከቦ ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ታያላችሁ፣ ያስገርማል። ጉዳቱ የሚጀምረው ሲቀልጥ ነው። ስለዚህ "ለእራት ዕረፍት ወስደን ተመልሰን ስናስነሳው እምቢ አለ" የሚለው ታሪክ ከሰማችሁ መልሱን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

የት ትፈልጋላችሁ? የስልካችሁን መብራት በጎን በኩል፣ ወደ ቦርዱ አጋድማችሁ አብሩ። ከላይ ሲበራ የማይታይ ጠብታ በጎን ሲበራ ያብለጨልጫል። የመጀመሪያው የግራፊክስ ማስገቢያ ውስጥ እዩ። እዚያ ከፖቱ የሚንጠባጠበው ውሃ በመገናኛዎቹ መሐል እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል፣ ቫዝሊኑ በደንብ ካልሞላ። ቀጥሎ ለፖቱ የሚቀርበው የራም ማስገቢያ። ቀጥሎ የሶኬቱ ጀርባ፤ አረፋውን ገለጥ ስታደርጉት ጣታችሁ ከራሰ አገኛችሁት።

1. ፓወሩን ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም።
2. የሰዓት ባትሪውን አውጡ፤ ቦርዱ ላይ የቀረ ትንሽ ኃይል እንኳ ከውሃ ጋር ሆኖ መዳብ ይበላል።
3. ፖቱ እስከ ክፍሉ ሙቀት እስኪደርስ ጠብቁ፣ ከዚያ ፍቱ። ከዚያ በፊት ማድረቅ ትርፉ ድካም ነው፤ እያደረቃችሁት አየሩ እንደገና ያረጥበዋል።
4. ሶፍቱን በጫፉ እያስነካችሁ ውሃውን ምጠጡ፤ አትጥረጉ። ሶኬቱ ውስጥ ሶፍት አታስገቡ፣ የአንድ ፒን መታጠፍ ቦርዱን ፉርሽ ያደርገዋል።
5. የፀጉር ፎን በመካከለኛ ሙቀት፣ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ከጎን። ቫዝሊኑ እንዳይቀልጥና ወደ ሶኬቱ እንዳይፈስ አታቅርቡት። አሴቶን ከነበረ መጀመሪያ ክፍሉን በደንብ አናፍሱ።
6. ሰዓታት ስጡት። የምትችሉ ከሆነ ፋን ፊት አሳድሩት።

"ሩዝ ውስጥ ክተተው" የሚላችሁን አትስሙ። ዱቄቱ ሶኬት ውስጥ ይገባና ሁለተኛ ችግር ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ይነሳል፣ ዊንዶውስ ላይ ይሞታል

የባዮሱ አርማ ታይቶ፣ ክቧ መዞር ጀምራ፣ ሰማያዊ ስክሪን ወይም ሪስታርት። እዚህ ፕሮሰሰሩ ተነስቷል፣ ስለዚህ ችቦውን አስቀምጡት።

ፍጥነቱን ከባዮስ ሳይሆን ዊንዶውስ ከገባችሁ በኋላ በሶፍትዌር ከፍ አድርጉ። መነሳት ራሱ ከባድ ሥራ ነው፤ ሁሉንም ኮር በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል። ባዮስ ውስጥ ዝቅ ያለ ፍጥነት አስቀምጣችሁ መነሳትን ማለፍ፣ ቀሪውን ከውስጥ መጨመር ነው ሥራው።

ሰማያዊው ስክሪን ደብልዩኤችኢኤ (WHEA፣ የሃርድዌር ስህተት) የሚል ስም ካለው ብዙ ጊዜ ቮልቴጅ አንሶት ወይም ፍጥነት በዝቶበት ነው። ፍጥነቱን መጀመሪያ ቀንሱ። በፋብሪካ ሴቲንግም ዊንዶውሱ አልገባም ካለ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ለመጠገን አትድከሙ፣ ያስቀመጣችሁትን ኮፒ መልሱ። ኪቦርድና ማውስ እየጠፉ ከሆነ ደግሞ ቢሲኤልኬው ነው፣ ወይም ዩኤስቢ ማስገቢያው ላይ ውሃ ደርሷል።

ቮልቴጅ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ስክሪን ያላሳየ ኮምፒዩተር ላይ በግምት የተጨመረ ቮልቴጅ ፖቱ ሞቅ ባለበት ሰዓት ከተነሳ ያቃጥላል፤ -150 ላይ የሚቻለው ቮልቴጅ -20 ላይ አይቻልም። ይህ በተለይ ለሚያሞቁ ሰዎች ነው፦ ችቦውን ከማንሳታችሁ በፊት የከባዱ ፕሮፋይል ቮልቴጅ ባዮሱ ውስጥ እንዳልተቀመጠ አረጋግጡ። ከተቀመጠ መጀመሪያ ክሊር ሲሞስ፣ ከዚያ ማሞቅ፣ ከዚያ ማስነሳት። ደረጃ 5 ላይ ሴቲንግ አትንኩ ያልኩት ለመጠነኛው ፕሮፋይል ነው፤ በከባዱ ላይ ከነበራችሁ ይህ ይቀድማል።

ደረጃ 10፦ እውነት ሞቷል ለማለት

ቦርዱ ከደረቀና ካደረ በኋላ በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ፍረዱ፦

1. ቦርዱን ባዶ አድርጉት፦ ፕሮሰሰር፣ አንድ ራም፣ ተራ ማቀዝቀዣ። ኤስኤስዲ የለም፣ ካርድ የለም።
2. ቫዝሊኑን ከፕሮሰሰሩ ጀርባ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱ። ሶኬቱን በብርሃን እዩ፣ ፒኖቹ በአንድ መስመር ያበራሉ? አንዷ ለየት ብላ ካበራች ተጣማለች።
3. ኤልኤን2 ሞድንና ስሎው ሞድን አጥፉ። ስንቱ ሰው ስሎው ሞድን ረስቶ "ቦርዱ ተበላሸ፣ ይጎተታል" ይላል።
4. ክሊር ሲሞስ፣ ከዚያ ፍላሽባክ።
5. ሌላ ፓወር ሰፕላይ።
6. ፕሮሰሰሩን ሌላ ቦርድ ላይ። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ወደ ሌላ ጤነኛ ቦርድ ውሰዱት እንጂ ሌላ ጤነኛ ፕሮሰሰር ወደዚህ ቦርድ አታምጡ፤ ቦርዱ ሾርት ካለው ሁለተኛውን ይዞት ይሄዳል።

ፕሮሰሰሩ ሌላው ቦርድ ላይ ከተነሳና ቦርዱ ገና ጭጭ ካለ፣ ሌላ ሁለት ቀን ደረቅ ቦታ አቆዩትና ደግማችሁ ሞክሩት። ከሶኬቱ ሥር የገባ ውሃ ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል፣ "ሞቷል" ተብሎ መሳቢያ የገባ ቦርድ በሳምንቱ ሲነሳ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።